ክትር የሌለው ማሳ፤ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት፣ ስለ መሣሪያና ስለ ቤተ መጻሕፍት

በፎገራ ሜዳ የተወለደ ሰው የውኃን ጠባይ ያውቃል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ከአፋፋቸው ሲወጡ፣ ከደጋው የጠረጉትን አፈር ተሸክመው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ያም ውኃ ላንዱ በረከት፣ ላንዱ ጥፋት ይሆናል፤ ስለ ምን ቢሉ፣ ማሳውን ዙሪያውን በአፈር የከተረ ገበሬ ውኃውን አቁሞ ሩዙን ያበቅልበታል፤ ክትር የሌለው ግን ዘሩንም አፈሩንም ለባሕሩ አስረክቦ ባዶ እጁን ይቀራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ስንቱን ቤተ ሰብ ከቀዬው እንዳፈናቀለ የሚረሳ የለም። ዳሩ ግን በ1970ዎቹ ዓመታት ሩዝ ወደዚህ ሜዳ ከገባ ወዲህ፣ ቀድሞ ውኃ የሚተኛበትና ከብት የሚሰማራበት የነበረው መሬት የእህል ጎተራ ሆነ፤ ወረታም የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኝባት ከተማ ለመባል በቃች። ውኃው ያው የጥንቱ ውኃ ነው፤ የተለወጠው የሰው አያያዝ ነው።

አሁን በዚሁ ሜዳ ላይ ሌላ ውኃ መጥቷል፤ ይኸውም የእንግሊዝ ቋንቋና ቋንቋውን ተሸክሞ የሚመጣው መሣሪያ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀናው መንገድ በሚለያዩባት በወረታ፣ በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሕፈት፣ የውኃ መሳቢያው ሞተር መመሪያ፣ የተማሪው መጽሐፍ፣ በልጁ እጅ ያለው ስልክ፣ ሁሉም በዚህ ቋንቋ ይናገራሉ። መምጣቱን ሊከለክል የሚችል የለም፤ ቢቻልም መከልከሉ አይጠቅምም። የሚጠየቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ክትሩ የት አለ?

ክትሩ ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህን የሚክዱ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው፤ ንግግራቸውም በገበያው፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በደጀ ሰላሙም ሳይቀር ይሰማል። አንደኞቹ «እንግሊዝኛ በየቀኑ ይለወጣልና ያረጀ መጽሐፍ አይጠቅምም» ይላሉ። ሁለተኞቹ «እንግሊዝኛ የባዕድ ነገር ነውና ካህናትን አያገባቸውም» ይላሉ። ሦስተኞቹ «ስልክ በእጅ እያለ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ለሦስቱም ተራ በተራ መልስ መስጠት ይገባል።

አስቀድሞ ግን ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ይታወቅ። በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ስለዚህ ልጁ ነገሩን ከማወቁ በፊት ቋንቋውን ማወቅ ግድ ይሆንበታል፤ ቋንቋውን ያላወቀ ልጅ የቱንም ያህል አእምሮ ቢኖረው በፈተናው ፊት ዲዳ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አራትና ከዚያ በላይ ወደቀ ማለት ነው። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በአንድ ነገር ማላከክ የሰነፍ ፍርድ ነው። ነገር ግን የማያነብ ልጅ በማያነበው ቋንቋ ቢፈተን ከዚህ የተለየ ምን ይጠበቅ ነበር? እናት ከጭቃ ውስጥ ሩዝ ነቅላ፣ አባት ጥጃ ሸጦ፣ ልጁን ከገጠር ወደ ወረታ ልኮ ቤት ተከራይቶለት፣ ከአራት ዓመት በኋላ ልጁ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ የወደቀው ልጁ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያዎቹ ነገር እንመለስ። እንግሊዝኛ ይለወጣል ማለታቸው እውነት ነው። ዛሬ እንግሊዞች ደስ የሚያሰኝ ነገርን «ናይስ» ይሉታል፤ ይህ ቃል ከሮማይስጥ «የማያውቅ» ከሚለው ቃል የወጣ ነውና ከ600 ዓመት በፊት ትርጓሜው ቂል ማለት ነበር። ዛሬ ቂል ማለት የሆነው «ሲሊ» የሚባለው ቃል ደግሞ ጥንት ቡሩክ ማለት ነበር። ስድቡ ምስጋና፣ ምስጋናው ስድብ ሆኖ ቦታ ተለዋወጡ። «ፕሪቨንት» የሚሉት ቃል ዛሬ መከልከል ማለት ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1611 በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ግን መቅደም ማለት ነው። ስለዚህ ዳዊት ከንጋት ቀድሞ እንደ ጸለየ በሚናገርበት በመዝሙር 118 ላይ፣ የዛሬውን ፍች ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ዳዊት ንጋቱን እንዳይነጋ ከለከለው ብሎ ይተረጕማል። በቅርቡም አይጥ ማለት የነበረው «ማውስ» የመሣሪያ መጠቆሚያ፣ ደመና ማለት የነበረው «ክላውድ» የጽሕፈት ማከማቻ ሆኑ፤ «ኮምፒውተር» የሚለው ስም ራሱ መሣሪያው ሳይሠራ በፊት ቁጥር የሚያሰላ ሰው መጠሪያ ነበር።

አሁን ተከራካሪው ይጠየቅ፤ ይህ ሁሉ ለውጥ በምን ታወቀ? በመጽሐፍ አይደለምን? የትናንቱ ቃል ተጽፎ ባይቀመጥ የዛሬው መለወጡን ማን ይመሰክር ነበር? እንግሊዞች ቋንቋቸው ይለወጣል ብለው መጽሐፋቸውን አልጣሉም፤ ስለሚለወጥ አከማቹት እንጂ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 የእያንዳንዱን ቃል ልደትና ዕድገት በመዝገብ ለማስፈር አሰቡ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ታተመ፤ ሥራው በ1928 ተፈጸመ። ዋናው አዘጋጅ ጄምስ መሪ በ1915 ስለ ሞተ ፍጻሜውን አላየም። በኢትዮጵያም እንዲሁ ሆኗል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ጨረሱበት፤ እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራ ትተውት መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። መሪም ኪዳነ ወልድም የደከሙት በዓይናቸው ለማያዩት ተማሪ ነው። ያ ተማሪ እነሆ በወረታ አለ፤ መጽሐፎቹ ግን የሉትም።

ደግሞ ስለ ፊደል ይታሰብ። እንግሊዞች የፈረሰኛ ባላባት ማለት የሆነውን ቃል «ናይት» ብለው ይጠሩታል፤ ሲጽፉት ግን በፊቱ የ«ክ»ን፣ በመካከሉ የ«ግ»ንና የ«ህ»ን ፊደል ያስገባሉ። ጥንት እነዚህ ፊደሎች ይነበቡ ነበርና፤ ድምፁ ከአፍ ቢጠፋም መጽሐፍ አስቀርቶታል። ለግእዝ ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰአለ ሲል ለመነ ነው፤ ሠዐለ ሲል ሥዕል ሣለ ነው። በአማርኛ አፍ ሁለቱ አንድ ሆነዋል፤ በመጽሐፍ ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ይህን የማያውቅ ልጅ በስልኩ ላይ ለእመቤታችን የልመና ቃል የጻፈ መስሎት ሠዓሊ ያደርጋታል። እንግዲህ በገዛ ፊደሉ ላይ የሚሳሳተውን ልጅ የሚያቀናው መጽሐፍ ከሆነ፣ በሰው ፊደል ላይ የሚሳሳተውን የሚያቀናው ሌላ ምን ሊሆን ነው?

የቅኔ ቤት ሰው ይህን ክርክር ሊስተው አይገባም ነበር። ቅኔ ዘወትር አዲስ ነው፤ ትናንት የተነገረ ጉባኤ ቃና ዛሬ ቢደገም ተማሪው ያፍርበታል። ነገር ግን ያን አዲስ ነገር የሚወልደው የተቀመጠው ግስ፣ የተቀመጠው አገባብ፣ የተቀመጠው እርባ ቅምር ነው። ግስ ያልገሠሠ ተማሪ አዲስ ቅኔ ሊቆጥር ቢወጣ ሲመለስ የሚያመጣው ነፋስ ነው። ከፎገራ ከናበጋ ጊዮርጊስ እንደ ተገኙ የሚነገርላቸው አለቃ ገብረ ሐና አዲሱን ዝማሜ ባመጡ ጊዜ የጎንደር ሊቃውንት አልቀበልም እንዳሉና፣ በኋላ ግን በልጃቸው በተክሌ ምክንያት በደብረ ታቦር ጸንቶ የተክሌ አቋቋም እንደ ተባለ ይታወቃል። አለቃ ያን አዲስ ነገር ያመጡት ድጓውን ስለማያውቁ ነውን? አይደለም፤ ጠንቅቀው ስላወቁት ነው። ስለዚህ «ነገሩ ይለወጣልና ማከማቸት አይረባም» የሚል ሰው፣ ወንዙ ይፈሳልና ማሰሮ አያስፈልግም እንደሚል ሰው ነው።

ሁለተኞቹ ከደጀ ሰላም የሚነሡ ናቸው፤ ስለዚህም መልሱ ይልቅ ሊጠነክርባቸው ይገባል። «የባዕድ ቋንቋ አያገባንም» ይላሉ። ይህን ሲሉ በእጃቸው የያዙት መጽሐፍ ከየት እንደ መጣ ይረሳሉ። ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግእዝ የተመለሱት ከጽርእ ነው፤ በ14ኛው መቶ ዓመትም አቡነ ሰላማ ብዙ መጽሐፍ ከዐረብኛ እንዲተረጐም ስላደረጉ መተርጕም ተብለዋል። አባቶች የባዕድን ቋንቋ አያገባንም ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚቀደሰውም የሚተረጐመውም ነገር ባልኖረ ነበር።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦርና በጋፋት ሳሉ ሁለት ነገር አሰቡ፤ አንዱ መድፍ ማሠራት፣ ሁለተኛው በመቅደላ ለሚተክሉት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ማከማቸት ነው። መድፉን ሴባስቶፖልን በጋፋት አስቀልጠው ወደ መቅደላ አስጎተቱ። መጻሕፍቱንም በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አድባራት በግፍ አስዘርፈው አስሰበሰቡ፤ ግፉን የሚያመካኝ የለም፤ ያሰቡት ነገር ግን ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ምን አደረገ? ሴባስቶፖልን ከነግዙፍነቱ በመቅደላ ትቶ ሄደ፤ ዛሬም በዚያው አለ። መጻሕፍቱን ግን ከሌላው ምርኮ ጋር በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ አስጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደ፤ በዚያም ጨረታ ቆመ። ከእነዚያ መካከል 350 ያህሉ በለንደን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከጦሩ ጋር የሙዚየሙ ሰው ተልኮ ነበርና የሚወሰደውን ያውቅ ነበር። አንባቢ ይፍረድ፤ ባሸነፈ ጊዜ መድፍን ትቶ መጽሐፍን የሚወስድ ሕዝብ የመጽሐፍን ዋጋ የሚያውቅ ነው ወይስ የማያውቅ?

ዐፄ ዮሐንስ ይህን ተረድተው ነበር። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ገና ዘውድ በደፉበት ዓመት ወደ እንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ አንድ ቅጂም ተመለሰ። ሌሎቹ ግን በዚያው ቀሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ የመጻሕፍቱን ዝርዝር አሳተመ፤ የእያንዳንዱን ርእስ፣ ዘመን፣ የጻፈውንና ያጻፈውን ሰው መዘገበ፤ መግለጫውን የጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ የጎንደር ሰው የአያቱ መጽሐፍ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ለማወቅ ቢፈልግ በምን ቋንቋ ያነባል? «እንግሊዝኛ አያገባንም» የሚል ካህን፣ የተዘረፈ ዕቃው ዝርዝር በእጁ ሲሰጠው አላነብም ብሎ የሚመልስ ባለቤት ነው።

በዚህ ላይ ለካህናት የሚነገር ሌላ ነገር አለ፤ ቢመርም ይነገር። በየደብሩ ዕቃ ቤት ብራናው በማኅደሩ ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይም የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ተጽፏል። ያ ውግዘት ከሌባ ጠብቋል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በብዙ ቦታ ቁልፉ ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከአንባቢም ጠብቆታል። አይጥ የሚበላውና ጢስ የሚያጠቁረው መጽሐፍ አልተሰረቀም፤ ግን አልተነበበምም። ለጣራ ቆርቆሮ የማይሰበስብ ደብር የለም፤ ለድምፅ ማጉያም እንዲሁ። ለመጽሐፍ መደርደሪያ የሰበሰበውን ግን በጣት ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል። ድምፅ ማጉያው የባዕድ መሣሪያ ነውና አያገባንም ያለ እስካሁን አልተሰማም።

አሁን የሦስተኞቹ ተራ ነው። እነዚህ ዘመናውያን ናቸው፤ «ስልኩ ራሱ ቤተ መጻሕፍት ነው» ይላሉ። በስልክ ብዙ መጽሐፍ መገኘቱ እውነት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። በለንደን ካሉት የመቅደላ መጻሕፍት ብዙዎቹ በፎቶግራፍ ተነሥተው ማንም ሰው በያለበት እንዲያያቸው በመረብ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ ይህም ታላቅ በጎ ሥራ ነው። ዳሩ ግን መሣሪያ ከቤተ መጻሕፍት ጋር ሲሆን በረከት፣ በቤተ መጻሕፍት ፋንታ ሲሆን ችግር መሆኑን ያለፈው ነገር ያስረዳል።

በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የሚባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ተተከለ። በውጭ አገር የተቀረጸ መምህር በእንግሊዝኛ ያስተምር ጀመር፤ የክፍሉ መምህር መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ሆነ። ፕላዝማው ፈጥኖ ይናገራል፤ ተማሪው አልገባኝም ቢለው አይሰማም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜም «ዘመኑ መጥቷል» ተባለ። ዛሬ ያ ፕላዝማ በብዙ ክፍል ግድግዳ ላይ ጨልሞ ቆሟል። ዕቃው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ተማሪው ያልያዘውን ነገር ወደ ቤቱ ወስዶ የሚደግምበት መጽሐፍ ስላላገኘ ነው። መሣሪያው አለፈ፤ መጽሐፍ ሳይተካ።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር፣ ታትመው ያልደረሱትን መጻሕፍት ተማሪው ከስልክ እንዲያነብ ሆነ። ስልክ ያለው አነበበ፤ የሌለው ካለው ፊት ተለማመጠ። ከስንቁ ላይ ሳንቲም ቀንሶ የመረብ ዋጋ የሚከፍል ልጅ፣ አንዱን ምዕራፍ ጀምሮ ሳይጨርስ ገንዘቡ ያልቃል። ጥንት የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ቁራሽ ሲለምን መጽሐፍ ግን በጉባኤው መካከል ለሁሉም እኩል ይነበብለት ነበር። ለእንጀራ መለመን ልማድ ነበረ፤ ለፊደል መለመን ግን አዲስ ውርደት ነው።

ከዚያም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ የሞባይል መረብ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቆየ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። «ስልኩ ቤተ መጻሕፍት ነው» የተባለው ነገር በአንድ ቀን ጸጥ አለ፤ በወረታም፣ በአዲስ ዘመንም፣ በደብረ ታቦርም ያለው ልጅ የያዘው ብርጭቆ ብቻ ሆነ። ነገሩ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ እንዳይመስል፣ ከሁለት ወር በኋላ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የለንደኑ ቤተ መጻሕፍት በመረብ ወንበዴዎች ተመታ፤ በመረብ ላይ ዘርግቷቸው የነበሩት የመጻሕፍት ሥዕሎች ሁሉ ለብዙ ወራት ጠፉ። በዚያን ወራት የመቅደላ መጽሐፍ ከወረታም ከለንደንም በመረብ የሚታይ አልነበረም። ብራናው ግን በመደርደሪያው ላይ እንደ ነበረ ነበር። በእጁ የዳሰሰው ሰው ያነበው ነበር።

የስልክ ጽሕፈት ሌላም ሕመም አለበት። ብራና የፋቀ ሰው ፍቀቱ ይታወቅበታል፤ ጠባሳው ይቀራል፤ ስለዚህም ይወገዛል። በመረብ ላይ ያለ ጽሕፈት ግን ማታ አንድ፣ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ማን እንደ ፋቀውም አይታወቅም። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል መሣሪያ መጥቶ የተጠየቀውን ሁሉ ባማረ እንግሊዝኛ ይመልሳል። የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ያልተጻፈ መጽሐፍ ይጠቅሳል፤ ያልኖረ ሰው ይጠራል፤ ሲሳሳትም ድምፁ እውነት ሲናገር ከነበረው ድምፁ አይለይም። ይህን የሚለየው ማን ነው? ሁለተኛ ምስክር ያለው ሰው ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ «ይህ ቃል ከየት መጣ?» ይለዋል፤ ተማሪውም ግሱን ካላመጣ ቅኔው ይወድቃል። መጽሐፍ ከፍቶ የሚያመሳክር ልጅ ለመሣሪያው ጌታ ይሆናል፤ የማያመሳክር ልጅ ሎሌ ይሆናል።

የሦስቱ ወገኖች ስሕተት ይህ ከሆነ፣ ሊደረግ የሚገባው ነገር ረቂቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ወመዘክርን በ1936 ዓ.ም. አቁማለች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አብርሆት በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው፤ ለወረታ ተማሪ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ያሉ ናቸው። በወንዝ ማዶ ያለ ክትር የዚህን ማሳ ውኃ አይዝም። በብዙ ትምህርት ቤትም «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሕፈት ያለበት በር አለ፤ ከበሩ በስተ ኋላ ግን የተሰበረ ወንበርና ማንም የማያነበው የስጦታ መጽሐፍ ተከምሮ፣ ተማሪው ከትምህርት በሚለቀቅበት ሰዓት ይቆለፋል። ይህ ቤተ መጻሕፍት አይደለም፤ የመጻሕፍት መቃብር ነው።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። ወለሉ ከፎገራ ርጥበት ከፍ ያለ አንድ ክፍል፤ ለተከራይ ተማሪ የሚመች፣ በምሽት የሚከፈት፣ መብራት ሲጠፋ የፀሐይ መብራት ያለው። በውስጡም ቃልን ከነልደቱ የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድ የግእዝ፣ የአለቃ ደስታ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው መማሪያ ሁሉ ለብዙ ልጅ በሚበቃ ቍጥር ታትሞ። ከዚያም መሣሪያው በስፍራው ይግባ፤ መረብ ባለ ጊዜ የተሰበሰበው መጽሐፍ መረብ በጠፋ ጊዜ እንዲነበብ የሚያከማች አንድ ኮምፒውተር ይኑር። ከሁሉም በላይ ቁልፍ ለመያዝ ሳይሆን በር ለመክፈት የተሾመ፣ የሚያውቅና የሚወድ አንድ ዐቃቤ መጻሕፍት። መቶ መጽሐፍና አንድ እንዲህ ያለ ሰው፣ ከሺህ መጽሐፍና ከአንድ ቁልፍ ይበልጣሉ።

ይህን ለመሥራት ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም። ሰበካ ጉባኤው ከቅጥሩ አንድ ክፍል ይስጥ፤ ነጋዴው ለመደርደሪያው እንጨት ይግዛ፤ ሩዝ ሸጦ ያተረፈው ገበሬ ልጁ ለሚያነበው አንድ መጽሐፍ ዋጋ ይስጥ፤ ከዚህ ሜዳ ወጥቶ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ፣ በባሕር ማዶም የተማረው ሰው ያነበበውን መጽሐፍ በአቧራ ከሚያስበላው ወደ ተወለደበት ይላክ። መምህሩም ተማሪዎቹን በሳምንት አንድ ቀን ይዞ ገብቶ እንዴት እንደሚመሳከር ያሳያቸው፤ መጽሐፍን መክፈት ካልተማሩ ቤቱ ብቻውን አያስተምራቸውምና።

ይህ ካልሆነ የሚመጣው የታወቀ ነው። የሚቀጥለው መሣሪያ ይመጣል፤ «ዘመኑ መጥቷል» ይባላል፤ ያም ያልፋል። እንግሊዝኛም ሌላ አምሳ ዓመት ተለውጦ ሌላ ቋንቋ ይሆናል፤ የወረታ ልጅ የዛሬውንም የትናንቱንም ሳይዝ ይቀራል። ዝርዝሩ በለንደን፣ ብራናው በለንደን፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ልጁ ግን ከሁሉም ውጭ።

የፎገራ ገበሬ ለዚህ ምክር አያስፈልገውም። በሰኔ ዝናቡ ሳይከብድ አካፋውን ይዞ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ክትሩን የሚሠራው ውኃው ከመጣ በኋላ እንዳልሆነ ያውቃልና። ካህኑና የከተማው ሰው ከእሱ ይማሩ። ውኃው ግን አስቀድሞ ደርሷል።